መሪጌታ ደርበው በመድኃኒት ክፍል

መሪጌታ ደርበው ዕድሜያቸውን በሙሉ ብራና ሲፍቁና ዳዊት ሲገለብጡ ኖረዋል። የማተሚያ ቤት ዳዊት ገበያውን ሲሞላው ብራናቸውን የሚጠይቅ ጠፋ፤ እሳቸውም በ1956 ዓ.ም. ዳንግላ ከአንዲት ትንሽ ክሊኒክ ገብተው መድኃኒት ከካርቶን ወጥቶ በሚቀመጥበት ጠርሙስ ላይ ስም ጸሐፊ ሆኑ።

እንግሊዝኛ አያውቁም። የባዕዱን ፊደል ከካርቶኑ ላይ እያዩ፣ የብራና ጌጥ ሐረግ እንደሚስሉ አድርገው ይገለብጡታል። የመድኃኒት ስም ደግሞ እርስ በርሱ እንደ መንታ ስለሚመሳሰል፣ ከብራናው ቤት ያመጡትን ሕግ አልተዉም፤ ተገልብጦ ያልተመሳከረ ከእጅ አይወጣም። መጀመሪያ የካርቶኑን፣ ቀጥሎ የጠርሙሱን ፊደል በጣታቸው ይቆጥራሉ።

የክሊኒኩ ኃላፊ፣ ወጣቱ የጤና ረዳት (ድሬሰር) አዝመራው፣ በዚህ ቆጠራ ተማርሯል። ሽማግሌው በዚህ ከቀጠሉ ወሩ ሲያልቅ እንደሚያሰናብታቸው በግልጽ ነግሯቸዋል። መሪጌታ ይህን ሰምተውም ጣታቸው አልፈጠነም።

በጥቅምት፣ የጫግኒዋ እህል ነጋዴ የሻረግ በወባ ነድዳ፣ ራሷን ስታ፣ በጭነት መኪና መጣች። የነባሩ ጠርሙስ መድኃኒት ሊያልቅ ስለተቃረበ፣ አዝመራው አዲሱን ካርቶን ቀድዶ ስሙን በዓይኑ ገረፍ አደረገና፣ የወባው መድኃኒት ኪኒን ነው፣ ቶሎ ይጻፉልኝ አላቸው።

መሪጌታ ቆጠሩ። ነባሩ የኪኒን ጠርሙስ ሰባት ፊደል አለው፤ ካርቶኑ ዘጠኝ። ደግመው ቆጠሩ።

«መሪጌታ፣ ሰው እየሞተ ነው። ማንበብ የተማርኩት እኔ ነኝ» አለ አዝመራው።

«አንተ ታነባለህ ልጄ፣ እኔ እቆጥራለሁ። ዘጠኝ ነው። ሰባት እስካላየሁ አልጽፍም» አሉና ብዕራቸውን አስቀመጡ። እንጀራቸውን አብረው እንዳስቀመጡ ያውቁታል።

አዝመራው እየተናደደ ጣቱን ካርቶኑ ላይ አሳረፈ። ስድስተኛው ፊደል ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ፣ ፊቱም አመድ መሰለ። ስሙ ከኪኒን ጋር የሚመሳሰል የልብ መድኃኒት ነበር፤ በወባው መጠን ቢሰጣት ልቧን ሊያቆመው ይችል ነበር። የቸኮለ አፍስሶ ይለቅማል ይባላል፤ ይህ ግን የሚለቀም አልነበረም።

በነባሩ ጠርሙስ የቀረው ኪኒን በቃት። የሻረግ በሦስተኛው ቀን ተነሥታ ሾርባ ጠጣች፤ በሳምንቱም መኪና ላይ በራሷ እግር ወጣች። ግቢው በእልልታ ሲናጋ መሪጌታ ደስታቸው እንባ ሆኖ በጋቢያቸው ጫፍ አበሱት።

ወሩ አለቀ፤ ስለ ስንብት ያነሣ አልነበረም። አዲስ ካርቶን በመጣ ቀን አዝመራው ራሱ ተሸክሞ ገባና ለሽማግሌው ወንበር ሳበላቸው።

«እኔ ላንብብ መሪጌታ» አለ፤ «እርስዎ ይቁጠሩ።»