በነጠላው ጫፍ ላይ የተጻፉ አምስት ስሞች

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ በኅዳር የመጨረሻ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ወረታ መገንጠያው አጠገብ ባለው የአዳራሽ ግድግዳ ላይ የነበሩ አምስት ስሞች በነጭ ቀለም ተሸፈኑ። የሸፈናቸው የወረዳው ጽሕፈት ቤት ዘበኛ ነው። ያዘዘው የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ነው። የጋዜጣ ዘጋቢ ነበርሁና ቆሜ አይቻለሁ።

ስሞቹ ያረፉበት የግድግዳ ሥዕል የሦስት ሳምንት ሥራ ነበር፤ ውኃ የተኛበት ሜዳ፣ ሩዝ የሚያርሙ ሴቶች፣ ውኃው ሆዳቸው የደረሰ ላሞች። ከሣሉት አንዱ የጭነት መኪና ስፖንዳ፣ የጭነቱን ሣጥን ጎን፣ የሚያስጌጥ ነው፤ ሁለቱ ወንድማማቾች የሱቅ ታፔላ ይጽፋሉ፤ አራተኛው የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነው። አምስተኛዋ ሁሉንም ያሰባሰበቻቸው ሴት ናት። አስተማሪ ነበረች፤ ትሥላለች፣ ትጽፋለች። ስለ እያንዳንዳቸው ጽፋ፣ በትምህርት ቤቱ ማባዣ አባዝታ፣ በገበያ ቀን ታድል ነበር። ግድግዳውን የለመነችው፣ ቀለሙንም ከአንድ ሙስሊም ነጋዴ ያገኘችው እሷ ናት።

«ሥራው ሲበላሽ የሚወቀስ ካለ፣ ሲያምርም የሚጠራ ይኑር» ትል ነበር። ስም ለእነሱ እንጀራም ነው። ሾፌር ጎንደር ላይ ያማረ ስፖንዳ ያያል፤ ጥጉ ላይ ያለውን ስም አንብቦ ወረታ ድረስ ይመጣል።

የዚያን ቀን ከክልል እንግዶች ይጠበቁ ነበር።

«የመንግሥት ግድግዳ ላይ የግለሰብ ስም አይጻፍም» አለ ኃላፊው። «ሥዕሉ የወረዳው ነው።»

«ወረዳው ብሩሽ ይዞ ያውቃል እንዴ?» አለ የስፖንዳው ሠዓሊ።

«አንተ ሂድ ወደ መኪናህ!»

አስተማሪዋ ግን ነጩ ቀለም እስኪደርቅ ቆማ አየች። እንግዶቹ አራት ሰዓት ላይ ሲደርሱ ኃላፊው «እኛ ነን የሣልነው» አለ፤ ማስታወሻዬ ላይ እንደዚያው ሰፍሯል። ዜናውን አምስቱን ስም ጽፌ ላክሁ። የወጣው የኃላፊው ስም ብቻ ነበር። አዘጋጁን ብጠይቀው «ቦታ ጠበበ» አለኝ። ይህን አልረሳሁም፤ ልረሳም አልሞከርሁም።

«ቂም አልያዝሁም አልልህም» አለችኝ በማግስቱ። «ይዣለሁ። ግን አልቸኩልም።»

ሁለት ክረምት አለፈ። የርብ ወንዝ ሁለቴ ሞልቶ ቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ሁለቴ ተጥለቀለቀ። ከዚያ የኃላፊው እናት አንበሳሜ ላይ አረፉ። ለሙት ዓመታቸው ሥዕል ፈለገ። የነበረው ፎቶ የቀበሌ መታወቂያቸው ላይ ያለው ብቻ ነው፤ ማኅተሙ ግማሽ ጉንጫቸውን በልቶታል። ይዞ እሷ ዘንድ መጣ።

ወንድማማቾቹ ሲሰሙ ሳቁ። «እትዬ፣ ተይው! ወረዳው ይሣልለት።»

«አይሆንም» አለች። «ከሠራነው ሁሉ አስበልጠን እንሠራለታለን።»

አስበልጠው ሠሩት። የቤተ ክርስቲያኑ ሠዓሊ ዓይናቸውን፣ የስፖንዳው ሠዓሊ እጃቸውን፣ ወንድማማቾቹ የነጠላቸውን ጥበብ፣ እሷ ማኅተሙ የበላውን ጉንጭ።

ኃላፊው ሊወስደው የመጣው በሙት ዓመቱ ዋዜማ ነው። የስፖንዳው ሠዓሊና እኔ ቤቷ ነበርን። ገና ሲያየው «እምዬ!» ብሎ አፉን በእጁ ያዘ። ቆይቶ ዓይኑ ወደ ታች ወረደ። በነጠላው ጫፍ ላይ፣ እጆቻቸው በያዙት ጥበብ መካከል፣ ከሩቅ በሚነበብ የታፔላ ፊደል አምስት ስሞች ተጽፈዋል።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ስም ነው።»

«አጥፊው!»

ነጭ ቀለምና ብሩሽ አስቀድማ አዘጋጅታ ነበር። አቀበለችው። «እርስዎ ያጥፉት፤ ልምዱ አለዎት። ብቻ የእናትዎ እጅ አብሮ እንዳይጠፋ ይጠንቀቁ።»

ብሩሹን ይዞ ስንት ደቂቃ እንደቆመ አልመዘገብሁም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ላቡ በግንባሩ ሲወርድ ግን አይቻለሁ። ደስ ብሎኝ ነው ያየሁት። በመጨረሻ ብሩሹን አስቀምጦ ሥዕሉን በብርድ ልብስ ጠቀለለ።

«ጌታዬ፣ የወረዳውንም ስም እንጨምርበት?» አለ የስፖንዳው ሠዓሊ ከኋላው። ኃላፊው ሥዕሉን አቅፎ ወጣ።

ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ለሌላ ዘገባ አንበሳሜ ስሄድ፣ ጡረታ ከወጣው ኃላፊ ቤት ጎራ አልሁ። ሥዕሉ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከሥሩ ባለው መደርደሪያ ላይ የቆመ የፕላስቲክ አበባ የታችኛውን ክፍል ሸፍኖታል። ኃላፊው ሻይ ሊያስመጣ ወደ ጓዳ ሲገባ አበባውን ገለል አድርጌ አየሁ። አምስቱም ስሞች አሉ።