ያላቃጠልኩት ደብተር

ከተማርኩበት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የመጣው ደብዳቤ አጭር ነበር፤ አንዲት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ለአንድ ወር ልምምድ ድሬዳዋ ትመጣለችና ተቀበያት ይላል። ያን ጊዜ በአንድ የጨርቅ ፋብሪካ የንድፍ ክፍል፣ ለሻሽና ለሽርጥ የሚታተም አበባ እሥል ነበር። ደስ አለኝ። የዚያን ትምህርት ቤት ውለታ በምን እንደምመልስ ሳስብ የኖርኩ ሰው ነኝ።

አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር። አዲስ አበባ ስገባ የራሴ ብሩሽ እንኳ አልነበረኝም፤ የንድፍ መምህሬ ከሣጥናቸው አውጥተው ሰጡኝ። በሁለተኛ ዓመቴ፣ የወጣት ሬሳ በየመንገዱ ተጥሎ በሚያድርበት ወቅት፣ ያየሁትን ሁሉ ደብተሬ ላይ እሥል ነበር። አንድ ቀን ፈታሾች ግቢ ሲገቡ መምህሬ ደብተሩን ከእጄ ነጥቀው፣ ሙጫ የምናፈላበት ምድጃ ውስጥ ከተቱት።

"ታዲያ ለምን ማየት አስተማሩኝ?" አልኳቸው እያለቀስኩ።

"መጀመሪያ ኑሪ" አሉኝ።

በዚያ ቀን ከክፍላችን ሁለት ልጆች ተወሰዱ። አልተመለሱም።

ተማሪዋ መጥታ ከእናቴና ከእኔ ጋር ተቀመጠች። ዝምተኛ ናት፤ እጇ ግን አያርፍም። መጋላ ገበያ ወስጃት ቅመም ሻጮቹን ስትሥል ሴቶቹ ከበው በኦሮምኛም በሶማልኛም ሲቀልዱባት ዋሉ።

"ባቡር ጣቢያው አካባቢ ግን እንዳትሥዪ" አልኳት።

"እሺ እትዬ" አለች። አልሰማችኝም። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ ከተማው ከሙቀቱ ሸሽቶ በሩን ዘግቶ በተኛበት ሰዓት፣ ፊቷ አመድ መስሎ ገባች።

"እትዬ፣ አንድ ሰው 'የማን እንግዳ ነሽ?' አለኝ።"

"ምን አልሽው?"

"የእርስዎን ቤት ነገርኩት።"

ደብተሩን ገለጥኩት። ለጦርነቱ ታፍሰው ባቡር የሚጠብቁ ወጣቶች መሬት ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። የአንዱ ፊት ከሌላው ፈጽሞ አይመሳሰልም፤ እኔ በዕድሜዋ ሳለሁ እንዲህ መሣል አልችልም ነበር። አንደኛው የጎረቤታችን ልጅ ነው። እናቱ ሦስት ቀን ሙሉ በየቀበሌው ስትፈልገው ሰንብታለች።

እናቴ በትከሻዬ በኩል አየችና "አቃጥዪው" አለች። ክብሪቱን አነሣሁ፤ እጄ እምቢ አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ልጅቷን አዲስ አበባ በሚሄደው ባቡር አሳፈርኳት። ደብተሩን ፋብሪካ ወስጄ ከአሮጌ የንድፍ ጥቅሎች መካከል ሸጎጥኩት። ከዚያ መጠበቅ ሆነ። መኪና ደጃፍ ላይ በቆመ ቁጥር እናቴ የጀመረችውን ወሬ ታቋርጣለች። በሦስተኛው ቀን ሁለት ሰዎች ፋብሪካ ድረስ መጡ።

"አቦ፣ እንግዳሽ የት አለች?"

"ሄደች። ሙቀቱ አልተስማማትም።"

"ደብተሩስ?"

"ጣቢያ ሄደሽ ሥዪ ያልኳት እኔ ነኝ። ሥዕሉ አልረባም፤ አቃጠልኩት።"

እርስ በርስ ተያዩ። "ተነሺ" አለኝ አንደኛው፣ በለሰለሰ ድምፅ።

አሥራ አንድ ቀን ቀበሌ ታሰርኩ። በየቀኑ ያንኑ ጠየቁኝ፤ ያንኑ መለስኩ። አብራኝ የነበረች ሴት ስሟ ተጠርቶ ወጣች፤ ነጠላዋ ግን ጥግ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን የእኔ ስም ተጠራ። የጠሩኝ ግን የአብዮቱ በዓል ስለደረሰና ለአደባባዩ ትልቁን ምስል የሚሥል ሌላ ሰው ስላጡ ነው። መሰላል ላይ ወጥቼ የመሪውን ፊት ሣልኩ። እጄ ጨርሶ አልተንቀጠቀጠም፤ ይህም ራሱ አስፈራኝ።

ልጅቷ በሰላም ተመረቀች። ትምህርት ቤቱ ከዚያ በኋላም በየዓመቱ ተማሪ ይልክልኝ ነበር፤ እናቴ ብትቆጣም አንድም ጊዜ እምቢ አላልኩም።

በዚያው ዓመት፣ በዓሉ አልፎ ወደ ፋብሪካ ስመለስ ወደ ጥቅሎቹ ሄድኩ። ደብተሩ በቦታው አለ። የጎረቤታችን ልጅ ያለበት ገጽ ግን በምላጭ ተቆርጦ ወጥቷል። የሚያውቀው ሰው ለእናቱ ወስዶላት ይሁን፣ ሌላ ሰው ማስረጃ አድርጎ ለሌላ ቀን አስቀምጦት ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። እናቱን ለመጠየቅ ፈራሁ።

በንድፍ ክፍሉ ዘጠኝ ነበርን፤ ጥቅሎቹን ከእኛ በቀር የሚነካ አልነበረም። ደርግ እስኪወድቅ ድረስ ጠዋት ጠዋት ከስምንቱም ጋር እየተጨባበጥኩ "እንዴት አደራችሁ?" እል ነበር፤ ሁሉም "እግዜር ይመስገን" ይሉኛል።