በጠበል የተዘፈዘፈው እርሳስ

ወንድሜ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ የተፈተነው ጢም አብቅሎ ነው። ከክፍሉ ልጆች መሃል ሲቆም አስተማሪ ይመስል ስለነበር "አባባ" እያሉ ያበሽቁታል፣ እሱም ይስቃል። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። አባታችን ወሎ ላይ ሞቶ እናታችን እኔን አዝላ እሱን በእጁ እየጎተተች አዲስ አበባ ስትገባ ገና ፊደል አልቆጠረም። ገርጂ፣ የጤፍ ማሳ ጥግ አንዲት ጭቃ ቤት ተጠግተን፣ እሷ መገናኛ ጉልት ቁጭ ብላ ሽንኩርትና ቲማቲም መሸጥ እስክትጀምር ድረስ በቤታችን የትምህርት ነገር አልተነሳም።

ያ ዕድሜው ነው ጉድ ያፈላብን። ጊዜው የብሔራዊ ውትድርና ጊዜ ነው። ለአቅመ ውትድርና የደረሰን ወንድ ቀበሌ ይመዘግበዋል፤ ተማሪ ከሆነ ለጊዜው ይተወዋል፣ ካልሆነ ይወስደዋል። ስምንተኛን አልፎ ዘጠነኛ ከገባ ቤቱ ያድራል፣ ከወደቀ ወደ ሰሜን ይጫናል። ልድገም እንዳይል ደግሞ ዳይሬክተሩ "ላንተ ዕድሜ ሁለተኛ ወንበር የለኝም" ብሎ አስቀድሞ ቁርጡን ነግሮታል። እናቴ ይህን ከሰማች ወዲህ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ወደ ሰሜን ወታደር የጫነ እየመሰላት ቀና ብላ ማየት ልማድ ሆነባት። ቤታችን ከአውሮፕላን ማረፊያው ጀርባ ነው፤ አንገቷ እንዴት እንዳልተቀጨ እኔ እንጃ።

ሂሳብ ላይ ግን የሚያሰጋ ነገር አልነበረም። ወንድሜ ፈጣን አልነበረም፤ እንዲያውም ዝግታው ያናድደኝ ነበር። አንድ ጥያቄ ይዞ ገጹን ከላይ እስከ ታች በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ይሞላዋል፣ ምንም አይዘልም። የሂሳብ መምህራቸው ኮታቸው በጠመኔ የነጣ፣ ቁጡ ሽማግሌ ነበሩ። "መልሱንማ ማንም ከጎረቤቱ ይገለብጣል፣ እኔ መንገዱን ነው የማየው" ይላሉ። መንገዱ ትክክል ከሆነ መጨረሻው ላይ ቢሳሳት እንኳ ነጥብ አይነፍጉም። ሚኒስትሪውም እስከዚያ ዓመት ድረስ እንደዚሁ ነበር፤ ልጁ አሠራሩን ይጽፋል፣ ሰው ቁጭ ብሎ አንብቦ ያርመዋል። ለወንድሜ የተሰፋ ልብስ ነበር ማለት ይቻላል።

የካቲት ላይ ነገሩ ተገለበጠ። መምህሩ ክፍል ገብተው ጠመኔያቸውን ጠረጴዛው ላይ ወርወር አድርገው፣ "ከዘንድሮ ጀምሮ የሂሳብ ፈተና ተለውጧል፣ መንገድ የሚያይላችሁ የለም" አሏቸው። ጥያቄው ሁሉ ምርጫ ሆነ። መልሱ ሌላ ወረቀት ላይ ትንንሽ ክቦችን በማጥቆር ነው የሚሰጠው፣ የሚያርመውም ኮምፒዩተር ነው። ለሙከራ በሂሳብ ተጀመረ እንጂ ሌላው ትምህርት እንደድሮው ነው። በመጨረሻም "በእርሳስ ብቻ! ማሽኑ እስክሪብቶ አያነብም" ብለው ደጋግመው አስጠነቀቋቸው። ኮምፒዩተር የሚባለውን ነገር እሳቸውም አይተውት አያውቁም።

የመልስ ወረቀቱን ናሙና ማንም ስላልሰጣቸው ልጆቹ ራሳቸው መሥራት ጀመሩ። በእኛ ቤት ክቡን የምስለው እኔ ነበርኩ። የለስላሳ ቆርኪ ወረቀት ላይ አስቀምጬ ዙሪያውን እስላለሁ፣ እሱ በእርሳስ ጉማጅ ያጠቁራል። ዋናው ክብ የምስር ፍሬ እንደሚያክል ማን ይንገረን? እሱ ግን ስንት ጊዜ የሠራውን ሂሳብ እንደገና ከላይ እስከ ታች ጽፎ ካልጨረሰ ክቡን አይነካም።

"አንተ ሰውዬ፣ መንገዱን አያዩም ተባልክ እኮ!" እለዋለሁ።

"እኔ አየዋለሁ፣ እሜቴ" ይለኛል።

እናቴ ከዚህ ሁሉ የገባት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የልጇ ነፍስ በእርሳስ ተንጠልጥላለች። ስለዚህ እርሳሱን ያዘች። ከቀበሌው ኅብረት ሱቅ ጠዋት ተሰልፋ አንድ አዲስ እርሳስ ገዛች። ያን ጊዜ አዲስ እርሳስ እንደልብ አይገኝም፤ ሁለተኛ ስትላቸው "ለሌላውም ይድረስ" አሏት። እሱኑ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወደ ደብሩ ሄደች። ጠበል በጠርሙስ ይዛ መጥታ እርሳሱን ከነሕይወቱ ጠርሙሱ ውስጥ ከተተችው፣ አፉንም በጨርቅ ወትፋ ከምስለ ፍቅር ወልዳ ሥዕሏ ሥር አኖረችው። ሱባዔዋን እስክትጨርስ እዚያው ከረመ። ካድሬ እንዳይሰማ እኔም ለሰው ትንፍሽ አላልኩም።

ስታወጣው ጣሪያው ላይ ፀሐይ አሰጣችው። ሲደርቅ እንጨቱ በጎኑ ትንሽ ከፈት ብሎ ነበር። እሷ ግን ከዚህ የሚሻል ነገር አሰበች፤ ማተብ የሚሆን ጥቁር ክር አምጥታ ከላይ እስከ ታች ጥምጥም አድርጋ አሰረችው። "አሁን ጠንካራ ነው" አለች። እኛም ጠንካራ ነው አልን። እርሳስ ውኃ እንደማይወድ ማን አስተማረን? ልብስ ሲዘፈዘፍ እንጂ እርሳስ ሲዘፈዘፍ ያየ የለ።

"በዚህ ብቻ ነው የምትጽፈው፣ በሞቴ!" አለችው።

"እሺ እማዬ" አለ፣ ተቀብሎም ሳመው።

የፈተናው ቀን ሰኔ ነበር፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት። እናቴ ጉልቷን ትታ መቅረት ስላልቻለች ዳቦ አሲዛ እኔን ላከችኝ። የሚፈተኑበት ትምህርት ቤት አጥር ሥር ከሌሎች ልጆች እህቶችና እናቶች ጋር ተኮልኩዬ ጠበቅኩ። የሂሳብ ፈተናው ሲያልቅ ልጆቹ እየተንጫጩ ወጡ፣ "ቀላል ነው!" የሚሉ ነበሩ። ወንድሜ ከሁሉም በኋላ ወጣ። ጣቶቹ በእርሳስ ጠቁረዋል፣ ፊቱ አመድ መስሏል። ዳቦውን ዘረጋሁለት፣ አልተቀበለኝም።

መዳፉን ሲከፍተው እርሳሱን አየሁት። ክሩ ተፈትቷል፣ እንጨቱ ለሁለት ተሰንጥቋል፣ ውስጡ ያለው ጥቁሩ ነገር ስብርብሩ ወጥቷል።

"በምላጭ ስቀርጸው ይወድቃል፣ ስቀርጸው ይወድቃል" አለኝ። "ጫፍ አልይዝ አለኝ። ስብርባሪውን በጣቴ ይዤ ሁሉ አጠቆርኩ፤ እሱም አለቀ።"

"አትዋስም ነበር?"

"ከፊቴ ያለውን ልጅ ስጠራው ፈታኙ 'ሌላ ቃል ከወጣህ ወረቀትህን እነጥቅሃለሁ' አለኝ። እጄን ባወጣም ዞር ብሎ አላየኝም። ባዶ ከምተወው ብዬ የቀረውን በእስክሪብቶ አጠቆርኩት።" ጣቶቹን ሱሪው ላይ እየጠረገ፣ "ሁሉንም አውቀው ነበር፣ ሁሉንም!" አለ።

መገናኛ ድረስ ሮጬ ሽንኩርቷ ፊት ቆሜ "ያንቺ እርሳስ ነው!" ብዬ ልጮህባት ፈለግኩ። ያኔ ልጅ ነኝ፣ ደሜ ቶሎ ይፈላል፤ ዛሬም አልበረደም። እሱ ግን ክንዴን ጥብቅ አድርጎ ይዞ፣ "እማዬ እንዳትሰማ" አለኝ። "ምንም ቢመጣ እንዳትሰማ። እኔ ከወደቅኩ ወደቅኩ፣ እሷ ግን ይህን ይዛ አትኖርም።" እርሳሱን አጥሩ ሥር ያለው ቦይ ውስጥ ጣለው። ለእሷ ጠፋብኝ አላት።

ውጤቱ ነሐሴ ላይ ተለጠፈ። ሌላውን ሁሉ አልፏል። ሂሳብ ላይ የተሰጠው ግን እርሳሱ እስኪያልቅ የሠራትን ያህል ብቻ ነበር፣ የእስክሪብቶውን ማሽኑ አላየውም። ሂሳብ የወደቀ ደግሞ ወደቀ ነው። መምህሩ ጉዳዩን ከወንድሜ ሲሰሙ ኮታቸውን ለብሰው ወደ ፈተና ቢሮ ሄዱ። ሲመለሱ ቤታችን ድረስ መጡ፣ እናቴ ጉልት ነበረች። በራችን ላይ ቆመው፣ "ወረቀቱን አውጡና በዓይናችሁ እዩት አልኳቸው፤ ከዘንድሮ ጀምሮ በዓይን አይታይም አሉኝ" አሉ። እኚያ ቁጡ ሰው ያን ዕለት አልተቆጡም። ይግቡ እንኳ ሳንላቸው ሄዱ።

እናቴ "ለምን?" ብላ ስትጠይቀው "ፈተናው ተለወጠ፣ ከበደኝ" አላት። አመነችው። ማታውን ስታለቅስ እሱ ሲያባብላት ነበር።

መስከረም ሳያልቅ የአብዮት ጥበቃ ሰዎች ጠዋት መጥተው ወሰዱት። እናቴ ነጠላዋን ሳትለብስ ቀበሌ ድረስ ተከተለቻቸው፣ እኔም ከኋላዋ። ሊቀመንበሩ እግር ላይ ወደቀች። "አፈር ስሆን ጌታዬ፣ ልጄ እኮ ሂሳብ ያውቃል! ይጠይቁት፣ እዚሁ ይጠይቁት!"

"ይነሱ እናቴ" አላት ሰውየው፣ "መድፍም ሂሳብ ይፈልጋል።" አጠገቡ የነበሩት ሳቁ። ያንን ሳቅ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም፣ አልልምም።

መኪናው ላይ ሲወጣ ጠራኝ። አንገቴን አቅፎ በጆሮዬ "የእርሳሱን ነገር አደራ" አለኝ። ሌላ ነገር ይነግረኛል ብዬ ነበር። መኪናው ወደ መገናኛ ታጠፈ፣ እናቴ መንገዱ ላይ ቁጭ አለች።

መጀመሪያ ከማሰልጠኛው፣ በኋላም ከሰሜን ደብዳቤ መጣ። የእጅ ጽሑፉ እንደዚያው ጥሩ ነበር። ከዚያ መምጣቱ ቀረ። መርዶም አልመጣም፤ እናቴ ታዲያ ያልተረዱትን ማን ያለቅሳል ብላ ጉልቷን አልዘጋችም።

እኔ ስምንተኛ ስደርስ የትምህርቱ ሁሉ ፈተና በክብ ሆኖ ነበር። እናቴ እንደገና ኅብረት ሱቅ ተሰለፈች፣ ያንኑ ጠርሙስ አጠበች። ጠበሉን ስትቀዳበት እጇን ያዝኩ።

"እማዬ፣ ተይው ግዴለም" አልኳት።

"ለወንድምሽ ያደረግኩትን ላንቺ ልከልክልሽ?" አለችኝ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ። አደራ በልቼ ልንገራት? ሆድ ይፍጀው ብዬ እጇን ለቀቅኩ። እሷ የዘፈዘፈችውን እርሳስ ክሩ እንደተጠመጠመ ተቀብዬ ሳምኩት፣ ለፈተናው ግን ሌላ ሁለት እርሳስ ሹሩባዬ ውስጥ ሸጉጬ በሻሽ አሰርኩት። በእነሱ ሠራሁ፣ የእሷን ከኪሴም አላወጣሁት።

አለፍኩ። ሂሳብ ላይ ደህና አድርጌ ነው ያለፍኩት፤ ያስተማረኝ እኮ እሱ ነው። እናቴ ሰፈሩን በእልልታ አናወጠችው። ጎረቤት ሲበተን ወደ ውስጥ ገባችና እርሳሱን ጠየቀችኝ። ሰጠኋት። ግንባሯን አስነካችው፣ ክሩን በጣቷ ዳሰሰችው። አንድም ጊዜ አልተቀረጸም ነበር፣ እሷ ግን ይህን አታስተውልም።

"አየሽ?" አለችኝ። "አምነሽ ስለያዝሽው ነው። እሱ ሳያምንበት ይዞት ገባ፣ ይኸው ጠፋበት። ልቡ ከዚያ መምህሩ ጋር ነበር።"

"እማዬ!" ብዬ ጮህኩ።

ደንግጣ አየችኝ። ያ የተሰነጠቀ እንጨት፣ ያ የጠቆረ ጣቱ፣ ሁሉም ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ስብርባሪውን እንኳ አልጣለም፣ በጣቱ እየያዘ ነው የጻፈበት ልላት አፌን ከፈትኩ። አደራው ያዘኝ።

"እሱም አምኖ ነበር" አልኳት።

"በምን ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ።"

ራሷን ነቀነቀች። እርሳሱን በንጹህ ጨርቅ ጠቀለለችና የወንድሜ ልብስ ያለበት ሣጥን ውስጥ፣ ከሸሚዙ ላይ አስቀመጠችው።

"ለማንኛውም ይቀመጥለት" አለች፣ ክዳኑን እየዘጋች። "ሲመጣ እንደገና ይፈተንበታል።"