አንዲት «ዮ»

ትናንት ጠዋት ሰርቪስ ውስጥ እኔና ህሊና እንደልማዳችን እየተጨቃጨቅን ነበር። ጃፓንኛ ነው ወይስ ኮሪያኛ የሚከብደው?...

ሁለታችንም አቃቂ ያለ አንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ መተኮሻ ክፍል ነው የምንሠራው። ከኮዬ ፈጬ እስከዚያ መንገዱ ረጅም ስለሆነ ሌላው ሰው ይተኛል፣ እኛ በስልካችን ቋንቋ እንማራለን። እኔ ጃፓንኛ፣ እሷ ኮሪያኛ። የኔ እንኳን ለጨዋታ ነው። እሷ ግን የምሯን ነው... የፋብሪካው ኃላፊ ኮሪያዊ ነው፣ አስተርጓሚው ደግሞ ባለፈው ሳምንት ሥራ ለቋል። አስተርጓሚ ቢሮ ውስጥ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ነው የሚውለው። ህሊና ቀኑን ሙሉ እንፋሎት መሃል ቆማ ውላ፣ እግሯ አብጦ ማታ ጫማዋ አልወልቅ የሚላት ልጅ ናት። ያቺን ወንበር በህልሟ ሁሉ ታያታለች።

«ያንቺ ጃፓንኛ ሦስት ዓይነት ፊደል አለው። አንዱን ፊደል ደግሞ እዚህ ጋ እንዲህ፣ እዚያ ጋ እንዲያ እያሉ ያነቡታል። ምን በወጣኝ!» አለችኝ።

«አነጋገሩ ግን ቀላል ነው። ግሱም እንደኛው መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው።»

«የኮሪያኛውም መጨረሻ ላይ ነው። ፊደሉን ደግሞ በአንድ ቅዳሜ ትጨርሺዋለሽ። ‹ቀ›ን እና ‹ከ›ን ለይቶ ላደገ ሰው ድምፁም አይከብድም።»

«አንቱታውስ?» አልኳት። እዚያ ላይ እንደምይዛት አውቃለሁ። ቋንቋውን የለቀመችው ከድራማ ነው፣ ድራማ ላይ ደግሞ ፍቅረኛሞቹ አንተ አንቺ ነው የሚባባሉት።

«እሱ ምን ችግር አለው! ለትልቅ ሰው ስታወሪ መጨረሻው ላይ ‹ዮ› መለጠፍ ነው። ‹አራሶ› ማለት ገባኝ ነው። ‹አራሶዮ› ስትዪ አንቱ ሆነ። በቃ!»

ሥራ እንደጀመርን ሚስተር ወደ ክፍላችን ገባ። ኃላፊውን ሁላችንም ሚስተር ነው የምንለው። እዚህ አገር ዓመታት ቆይቷል፣ አማርኛም ይሞክራል። ጸጉራቸው ነጭ የሆነውን የክፍላችንን አለቃ፣ ጋሽ ታደሰን፣ ገና ከበሩ ሲያያቸው ጮኸ።

«ታደሰ! እንዴት አደርሽ! አንቺ ጎበዝ ነው!»

ክፍሉ ሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ያጨበጨቡም ነበሩ። ጋሽ ታደሰ ራሳቸው ዕንባቸው እስኪመጣ ስቀው «አማርኛውማ ከኛም በለጠ እኮ!» አሉ።

ከዚያ ሚስተር ዙሪያውን እያየ «ኮሪያ ቋንቋ ማን ይችላል?» አለ።

ህሊናን በክርኔ ልጎስማት ስል እሷ ቀድማኝ ካውያዋን አስቀምጣ ወጥታለች።

ጎንበስ ብላ ሰላምታ ሰጠችው። ሚስተር ፈገግ አለ። የት እንደተማረች ምናምን ይጠይቃታል፣ ትመልሳለች። እኔም በሷ ጭቅጭቅ ብዛት ትንሽ ትንሽ ስለምሰማ ጆሮዬን አቁሜ እጠብቃታለሁ... «ዮ» አለች፣ እንደገና «ዮ» አለች። ሰው ሁሉ ሥራ አቁሞ ያያታል። እውነቴን ነው፣ ኮራሁባት።

ከዚያ ሚስተር ረዘም ያለ ነገር ተናገረ። እኔ «ነገ» እና «ቢሮ» የሚሉት ብቻ ነው የገቡኝ። ህሊና ግን ሁሉም ገባት፣ ፊቷ ሲበራ አየሁት... ወንበሯ የታየቻት መሰለኝ። ሚስተር ገባሽ ወይ ብሎ ጠየቃት።

«አራሶ!» አለች በደስታ።

የሚስተር ፈገግታ ጠፋ። እኔ በልቤ «ዮ በይ... ዮ በይ አንቺ ልጅ...» እላለሁ። አላለችም። ምን እንዳጠፋች እንኳን ገና አልገባትም።

«አራሶ?» አለ ሚስተር። ከዚያ ሁላችንም እንድንሰማለት መሰለኝ ወደ አማርኛ ዞረ። «እኔ ጓደኛ ነው? እኔ ትልቅ ሰው ነው! አንተ ክብር አያውቅም! አንተ ካውያ ሂድ!»

አንተ የሚላት ህሊናን ነው።

እንደገና ተሳቀ። አሁን ግን የሚሳቀው በሱ አይደለም፣ በሷ ነው። ሚስተር ጥሎን ወጣ። ህሊና እጇን የምታደርግበት ጠፍቷት መሃል ወለሉ ላይ ቆማ ቀረች። ጋሽ ታደሰ ጠጋ ሲሏት ሊያጽናኗት መስሎኝ ነበር።

«ትልቅ ሰው እኮ አንቱ ነው የሚባለው ልጄ። ቤት አላስተማሩሽም?» አሏት።

አንቺ ተብለው የሳቁበት ዕንባ ገና ከጉንጫቸው አልደረቀም! ተናደድኩ። ግን ምን ልበላቸው... አንቱ ናቸው።

ምሳ ሰዓት ሲደርስ ስሟ ተቀይሮ ነበር። «አራሶ፣ ውሃ አቀብዪን!»... «አራሶ፣ ቢሮ እንዴት ነው?»... የሚሏት አብረውን የሚቆሙ፣ እግራቸው እንደሷ የሚያብጥ ልጆች ናቸው። አንዷን ጸጉሯን ልይዛት ምንም አልቀረኝም። ህሊና ግን ውሃውን አቀበለቻቸው።

ስንመለስ ሰርቪስ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠች። ስልኳን አላወጣችም። ግንባሯን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። የምትጸልይ መስሎኝ ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«አራሶዮ... አራሶዮ... አራሶዮ...»

እና ከጃፓንኛና ከኮሪያኛ የቱ ይከብዳል ለምትሉኝ... የሚከብደው ወንበሩን የያዘው ሰው ቋንቋ ነው። የኛንማ እንደፈለገ ሰባብሮ ቢናገረውም ይጨበጨብለታል።

ይሄን ጽሑፍ ደግሞ ከላይ ጀምራችሁ እዩልኝ፣ ሚስተርን አንድ ቦታ እንኳን አንቱ አላልኩትም... «ዮ»ዋን እኔም ረሳኋት።