አርፍደው የመጡት ቆፋሪ

ፋብሪካ ሊተክል ያሰበ አንድ ባለሀብት፣ ውሃ እስከ ቦታው ካልደረሰለት አምቦን ትቶ ሌላ ከተማ እንደሚሄድ በደብዳቤ አስታወቀን። ከተማው ቧንቧውን ገዛ፤ ነዋሪው ቦዩን በጉልበቱ ሊቆፍር ተስማማ። የማዘጋጃ ቤቱ አዲስ ተቀጣሪ እኔ ስም መዝጋቢ ሆንኩ። አንድ ሽማግሌ አርፍደው መጥተው ዳር ቆመው ሲያዩን፣ ዓይን አፋርነቴን ዋጥ አድርጌ አካፋ ሰጠኋቸው። ኮታቸውን አውልቀው ገቡበት።

«ለማን ነው የምንቆፍረው?» አሉኝ ትንሽ ቆይተው።

«ለባለፋብሪካው።»

«እሱስ ለምን አይቆፍርም?»

«ኦቦ፣ እጁ እንዳይሻክር ነዋ!» አለ አንዱ። ሰዉ ሳቀ፤ ሽማግሌውም አብረው ሳቁ።

ሥራው ሲያበቃ፣ ቀሪ እንዳይባሉ ብዬ ስማቸውን ጠየቅኳቸው።

«የላክሁላችሁ ደብዳቤ ላይ አለልሽ፣ ልጄ» አሉኝ፣ አካፋውን እየመለሱልኝ።