ለቁንጫ የላላ ደንብ

ወረታ ከተማ ተባለችና ማዘጋጃ ቤት ተሰጣት። ማዘጋጃ ቤቱ ጭቃ ቤት ነበር፤ ወለሉ በእበት የተለቀለቀ። የለቀለቅነውም እኛው የሰፈሩ ሴቶች ነን። አዲሱ ሹም እዚያው ወለል ላይ ወንበራቸውን አስቀምጠው፣ «ከብት የከተማን ንጽሕና ያጎድፋል» የሚል ደንብ ጻፉ።

ደንቡ በገበያ ቀን ተነበበ። ሰኔ ሳይጋመስ ላምም በሬም ከመኖሪያ ግቢ ይውጣ፣ ዶሮም ከአጥር እንዳታልፍ ተባለ። ዶሮዎቹ እስከ ዛሬ ይህን የሰሙ አይመስለኝም።

ሹሙ ከሩቅ የመጡ፣ ጫማቸው ጭቃ የማያውቅ ሰው ነበሩ። ጧት ጧት ግን ጣሳቸውን ይዘው እኔ በር ላይ ይቆማሉ። እንግዳ ናቸው ብዬ ከላሜ ወተት እቀዳላቸዋለሁ። ከተማ የምታጎድፍ ላም ወተት እንዲህ የሚወድ ሰው አላየሁም።

ልጄ ያን ጊዜ የአምስት ወር ነበረች። ጡቴ ደርቆ የምትኖረው በዚያች ላም ወተት ነው፤ ላሚቱም ከወለደች ገና ቅርቧ ነበር። ስለዚህ ነጠላዬን አስተካክዬ ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ።

«ጌታዬ፣ እባክዎ እስከ መስከረም ብቻ ይተዉልኝ። ፎገራ በክረምት ባሕር ነው። የሜዳው ሰው እንኳ ከብቱን ወደኛ ያወጣል፤ እኛ ወዴት እንውረድ?»

«ደንብ ነው፣ ሴትዮ» አሉ ዓይናቸውን ከወረቀቱ ሳያነሱ። «ለአንድ ሰው ብለን ደንብ አናፈርስም። ሜዳው እንደሁ ሰፊ ነው።»

ስለ ስፋቱስ ልክ ናቸው። ሜዳውን ያዩት ግን በግንቦት ነው።

ላሚቱን ከነጥጃዋ ርብ ወንዝ ዳር ለሚኖረው ወንድሜ ሰደድኩ። እሱም እስከ ሐምሌ መግቢያ ወተቱን ሲያመላልስልኝ ቆየ። ከዚያ ውኃው ሞላና መንገዱ ተቆረጠ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይባላል፤ የኔዋ በውኃ መካከል ሆነች እንጂ ያው ነው። ልጄ አጥሚት አልቀበል ብላ ስታለቅስ አብሬያት አለቀስኩ፤ ሹሙንም ረገምኳቸው። ይህንን ለንስሐ አባቴ ተናግሬዋለሁ፤ እሳቸውም ብዙ አልተቆጡኝ።

በዚያው ወር የበላይ ሹም ለጉብኝት ይመጣል ተባለ። የማዘጋጃ ቤቱ ወለል ተፈርፍሮ ቁንጫ አፍልቷል። ሹሙ ሴቶቹን አስጠሩንና፣ አንዱን እግራቸውን በሌላው እያከኩ፣ ወለሉን ቶሎ እንድንለቀልቅ አዘዙን።

አንዲት አሮጊት ጎረቤቴ እጅ ነስተው፣ «ምን ገዶን፣ ጌታዬ! እበቱን ብቻ ያምጡልን» አሉ።

«ከየቤታችሁ ነዋ!»

«ከብቱ ወጥቷል እኮ፤ ደንብ ነው። የውጪውንም እበት ዝናብ አጥቦታል።»

ሳቃችንን በነጠላችን አፈንን። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ በማግስቱ ደንቡ ተሻሽሎ ለየቤቱ አንድ ላም ተፈቀደ። ለልጄ ያልላላ ደንብ ለቁንጫ ላላ።

በሦስተኛው ቀን ወንድሜ ወሬው ደርሶት፣ ውኃውን ጥሶ እስከ ወገቡ ጭቃ ሆኖ ላሚቱን እየነዳ ደረሰ። ጥጃው የለም፤ ቆዳውን በትከሻው ተሸክሟል። ማጥ ውስጥ ሰጥሞ፣ ሞቶ ነው ያገኘው። የአገራችን ላም ደግሞ ጥጃዋን ካላየች ወተት አትሰጥም። እንደ ወጉ ቆዳውን ጭድ ሞልተን ፊቷ አቆምንላት። አሸተተችውና ፊቷን አዞረች። ልጄ በአጥሚት ከስታ፣ መንምና ተረፈች፤ ዛሬም ወተት አትወድም።

ላሚቱ በደረሰች በማግስቱ ጧት ሹሙ በአንድ እጃቸው የፈቃድ ወረቀት፣ በሌላው ጣሳቸውን ይዘው መጡ።

«ይኸው፣ ላምሽ ተፈቅዶልሻል» አሉኝ ፈገግ ብለው።

ጣሳውን ተቀበልኳቸውና ጭድ የሞላነው ጥጃ ሥር አስቀመጥኩት።

«ይህን ይለቡ፣ ጌታዬ» አልኳቸው፤ «ይሄ እበት እንኳ አይጥልም፤ ከተማዎን አያጎድፍም።»