የተደፈነው ስንጥቅ

ገበሬው እንግዳው አዛናው አደራ አይበላም። በቆላው አገር በሽንፋ ማንንም ቢጠይቁ ይህን አይክድም። የሰው ሰሊጥ ሲጠብቅ እፍኝ እንደማይጎድል፣ የሰው በሬ ሲያሳድር ከራሱ በሬ አስቀድሞ እንደሚያጠጣ አገር ያውቃል። እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ አደራ ያበላሸው፤ ያውም በልቶ አይደለም፣ አብዝቶ ጠብቆ።

ካቻምና ክረምት ሳይገባ እስከዳር የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከእርሻው አጠገብ አጭር አስፋልት አስነጠፈች። መንገድ እንዳይባል ከየትም ተነሥቶ የትም አይደርስም። ሰዉ “የእብድ መንገድ” እያለ ሳቀበት። እሷ ግን እንግዳውን ቁጭ አድርጋ አስረዳችው። የቆላው ጥቁር አፈር፣ ዋልካው፣ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ አውሮፕላን የሚያርፍበትን ንጣፍ ከሥሩ ያፈርሰዋል። ስለዚህ ግማሹን አፈሩን ከኖራ ጋር አዋህዳ፣ ግማሹን እንዲያው በዋልካው ላይ አስነጥፋዋለች። የትኛው እንደሚችል ከተለየ፣ በዚህ አፈር ላይ የሚጸና ማረፊያ እንዴት እንደሚሠራ ይታወቃል።

ማረፊያ ሲባል የእንግዳው ጆሮ ቆመ። ሚስቱ የዓለምወርቅ ምጥ ጠንቶባት ወደ ጎንደር ስትወሰድ መንገድ ላይ ነው የሞተችው። ከዚያ ወዲህ የአውሮፕላን ድምፅ በሰማ ቁጥር ቀና ብሎ እስኪጠፋ ያየዋል።

“ጋሼ፣ አደራ። እንደ ራስዎ ቤት አድርገው ይጠብቁልኝ። በጋው ሲያልቅ መጥቼ አየዋለሁ” አለችው።

“ከቤቴም አብልጨ ነው፣ ልጀ።”

ምኑን እንደምታይ አልነገረችውም። እሱም አልጠየቃትም።

በጋው ገባ። ጸጥታው ደፍርሶ መንገዱ ተዘጋ፣ የስልኩም መስመር ጠፋ። ጥር ላይ ኖራ ያልገባበት ወገን ጠርዙ ላይ ተሰንጥቆ እጅ የሚያስገባ ሆነ። እንግዳው ደነገጠ። በዚያ አገር ዋልካ አፉን ሲከፍት ዝም ብሎ የሚያይ ሰነፍ ብቻ ነው፤ ጥጃ ገብቶ እግሩ ይሰበራል፣ እባብ ይሸሸግበታል። ስለዚህ በደጁ እንደሚያደርገው አሸዋና አመድ ቀላቅሎ ሞላው፣ በመዶሻ ጠቀጠቀው፣ ላዩን ጠረገው። ተበላሽቷል ተብሎ ማረፊያው እንዳይቀር ፈርቶም ነበር። መሬቱ ሲከፍት እሱ ሲደፍን በጋው አለቀ።

መንገዱ ሲከፈት እስከዳር መጣች። እንግዳው ከመኪናዋ በር ላይ ተቀበላት።

“ነይ እይልኝ! አንድ ቀዳዳ የለውም።”

መለኪያዋን ይዛ ጠርዙን ዳር እስከ ዳር ሄደችበት።

“ጋሼ፣ ስንጥቆቹስ?”

“ደፈንኋቸዋ! በየማለዳው።”

እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። “እኔ እኮ እነሱን ልለካ ነበር የመጣሁት” አለች ቀስ ብላ።

“ታዲያ ምን አለበት፣ አመዱን አወጣዋለሁ!” ብሎ ለዶማ ሊሮጥ ሲል እጁን ያዘችው።

“ጠርዙ በመዶሻው ተሰባብሯል፣ ጋሼ። ምን ያህል ተከፍቶ እንደነበር ከእንግዲህ አይታወቅም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አልነገርኩዎትም።”

ብትቆጣው በተሻለው ነበር። ቁጣ ይበርዳል። ያ ፊቷ ግን ዓመቱን ሙሉ ከዓይኑ አልጠፋም፤ እህል ሲበላ ይመጣበታል፣ ሰሊጥ ሲያጭድ ይመጣበታል። ጎረቤቶቹ “ምን አጠፋህ? ማን ነገረህ?” ቢሉት አይሰማም። “አፍ ነበረኝ፣ መጠየቅ ነበረብኝ” ይላል።

ዘንድሮ በጋ ዋልካው ከአምናው ብሶ ተከፈተ። እንግዳው ከብት እንዳይገባበት ዙሪያውን በእሾህ አጠረና ስልክ ሊደውል ሽቅብ ወደ ጉብታው ወጣ።

“ልጀ፣ ተከፍቷል! ክንዴን እስከ ክርኔ ይውጣል። ጣቴን አላስነካሁትም። ነይና ለኪው።”



“ጋሼ… ጥናቱ እኮ ተዘግቷል። የተሰጠን ጊዜ አልቋል። እኔም ሌላ ሥራ ላይ ነኝ።”

“ማረፊያውስ?”

“እንጃ፣ ጋሼ።”

እንግዳው ቁልቁል አየ። የጎረቤት ጥጃ በእሾሁ አጥር ላይ አንገቷን አስግጋለች።

“እንግዲያ ልድፈነው?” አላት።

“ይድፈኑት” አለችው።